«አፍህን ዝጋ» ከማለታችን በፊት

«አፍህን ዝጋ! ዝንብ ይገባብሃል።»

ይህን ሳይባል ያደገ ልጅ መኖሩን እንጃ። እኔም ተብያለሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ይባላል። ሰባት ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥን ሲያይ አፉ ክፍት ነው። የቤት ሥራ ሲሠራ አፉ ክፍት ነው። ሲነገረው ቶሎ ይዘጋል፤ ታዛዥ ልጅ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ ስደርስ ትከሻው ከፍ አለ። አፍንጫው ሁለቴ ጮኸ። አፉም ተመልሶ ተከፈተ። ልጁ አየር አጥቶ ነበር።

ያን ሰሞን አዳማ እህቴ ቤት ነበር የማድረው። ሌሊቱ ይሞቃል። ልጁ አጎበር ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አገጩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ተኝቷል። ያንኮራፋል። ትራሱ በለሃጭ ርሷል። ድንገት ማንኮራፋቱ ቆመ። ደረቱ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ የትንፋሽ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ እንደታነቀ ሰው አንዴ በኃይል ሳበና ተገላበጠ።

እናቴ ከጎኔ ነበረች። «እንቅልፉ ከባድ ነው፤ በአያቱ ወጥቶ ነው» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል። ማስቆረጥ ነው» አለች።

እህቴ ስልኳን አውጥታ ቲክቶክ አሳየችኝ። አንዱ አፉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ይተኛል። ሌላው ምላሱን ላንቃው ላይ እየገፋ አገጩን ያሳያል። ሌላዋ ደግሞ «ማዮፈንክሽናል ቴራፒ» እያለች የምላስ ስፖርት ታሠራለች። «የቱ ነው እውነቱ?» አለችኝ። ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ብዙ ወራት አለፉ። ያገኘሁትን ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በእኛ ቤት ብቻ ያለ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ አፍንጫ። የአዳማን አየር ለሚያውቅ ሰው የአፍንጫን ሥራ ማስረዳት አይከብድም። በጋ ሲገባ ነፋሱ ይነሣል። ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች የተተከሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች ምስክር ናቸው።  ያው ነፋስ አዋራውንም ይዞ ይመጣል። ልብስ አስጥቶ የወጣ ሰው ሲመለስ አራግፎ ነው የሚያስገባው። ልብሱ ላይ ያረፈው አዋራ እኛም ውስጥ ይገባል።

በአፍንጫ ስንተነፍስ ፀጉሩና ንፍጡ አዋራውን ይይዛል። ጠለቅ ብሎ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ ሦስት ሦስት እጥፋቶች አሉ። አየሩ በእነሱ መካከል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ይሞቃል፣ ይረጥባል። ሳንባ ጋ ሲደርስ ከሰውነታችን ሙቀት ጋር ተቀራርቧል። በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት አጥንቶች ውስጥ ደግሞ ባዶ ክፍተቶች አሉ። ሁላችንም «ሳይነስ አለብኝ» እያልን የምናማርራቸው እነዚያ ናቸው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመርታሉ። ይህን የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አሳይተዋል። ጋዙ ከምንስበው አየር ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ኦክስጅን ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በአፍ የገባ አየር ይህን ሁሉ ሳያገኝ ነው የሚወርደው።

አፍም ራሱ ይጎዳል። ምራቅ የጥርስ ጠባቂ ነው። አፉን ከፍቶ ያደረ ልጅ ጠዋት ከንፈሩ ደርቆ፣ አፉ ሸትቶ ይነሣል፤ ድዱ ይቀላል፣ ጥርሱም ቶሎ ለመበስበስ ይጋለጣል። በእኛ አካባቢ ስለ ጥርስ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያስበው በስምጥ ሸለቆው ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድና እሱ ያመጣውን የወንጂን ቡናማ ጥርስ ነው። እውነት ነው፤ ያ ትልቅ ችግር ነው። ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚደርቅ አፍም ጥርስ ይበላል፤ ስለ እሱ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ምላስ እንሂድ። እዚህ ላይ ፊደላችን ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያስረዳል። «ን» በሉ፤ ድምፁን ሳትለቁ «ንንንን» እያላችሁ ቆዩ። የምላሳችሁ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ያለችውን ጉብታ ነክቷል። አየሩ የሚወጣው በአፍንጫ ነው። ካላመናችሁ አፍንጫችሁን በጣት ያዙት፤ ድምፁ ወዲያው ይቆማል። ቀጥሎ «ኝ» በሉ። አሁን የምላሱ መሃል ተነሥቶ ላንቃ ላይ ተለጠፈ። ከ«ን» ጫፉን፣ ከ«ኝ» መሃሉን ውሰዱ። ከንፈር ይገጠም። የላይና የታች ጥርስ ሳይጋጭ ትንሽ ይራራቅ። ትንፋሽ በአፍንጫ ይሁን። ሳንናገርና ሳንበላ ምላሳችን ማረፍ ያለበት እንዲህ ነው።

የእህቴን ልጅ «ንንን» በል ስንለው ሁለት ሰከንድ ብሎ አቆመ። መውጫ ያልነበረው አየሩ ነው። ይህች ቀላል ሙከራ ብዙ ነገር ነግራናለች።

የምላስ ማረፊያ ለምን ያን ያህል ያሳስባል? ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ የእንቅልፍ ነው። አፍ ሲከፈት የታችኛው መንጋጋ ወርዶ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምላስ ከመንጋጋው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ይሸሻል፤ ጉሮሮን ያጠባል። ቀን ቀን ጡንቻው ንቁ ስለሆነ አይታወቅም። ሲተኙ ግን ጡንቻው ይላላል። የላላ ምላስና የላላ ላንቃ በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ያ ድምፅ ማንኮራፋት ነው። ጨርሰው ሲዘጉት ደግሞ ትንፋሽ ይቆማል። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ይህን የትንፋሽ መቆራረጥ ነው። ከመቶ ልጆች ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። ልጅ ላይ በሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ መከሰቱ ጤናማ አይባልም።

ሁለተኛው የእድገት ነው። የላይኛው መንጋጋ መሃል ለመሃል ስፌት አለው፤ በልጅነት ገና ያልደረቀ ነው። ምላስ ከውስጥ ይደግፈዋል፤ ጉንጭና ከንፈር ከውጭ ይጫኑታል። ምላስ ወርዶ ሲቀር ድጋፉ ይጎድላል። ላንቃው ጠብቦ ወደ ላይ ሊረዝም፣ ጥርሶች ቦታ አጥተው ሊደራረቡ ይችላሉ። ላንቃ የአፍንጫ ወለል ስለሆነ አፍንጫም አብሮ ይጠባል። ይሄኔ ነገሩ አዙሪት ይሆናል፦ አፍንጫ ስለጠበበ አፍ ይከፈታል፣ አፍ ስለተከፈተ አፍንጫ ይጠባል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የዘመናዊው የጥርስ ማስተካከል ሕክምና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1907 በአፍ መተንፈስን የጥርስ መዛባት ዋና መንስኤ አድርጎ ጽፏል። በ1918 ደግሞ አልፍሬድ ሮጀርስ የተባለ የቦስተን የጥርስ ሐኪም የፊት ጡንቻዎችን በልምምድ ማሠልጠን ለጥርስ እንደሚበጅ አቀረበ። ማዮፈንክሽናል ቴራፒ ከዚያ ነው የተነሣው። በ1981 በታተመ ጥናት የካሊፎርኒያው ሃርቮልድና ባልደረቦቹ የጦጣ ግልገሎችን አፍንጫ በሲሊኮን ደፍነው አዩ። ግልገሎቹ በአፍ ለመተንፈስ ተገደዱ፤ መንጋጋቸውና ጥርሳቸውም መልኩ ተለወጠ። እንስሳቱ ያሳዝናሉ። ውጤቱ ግን እስካሁን ይጠቀሳል።

ሰው ላይ ነገሩ ያን ያህል ቀጥተኛ አይደለም። የፊት ቅርፅ ከቤተሰብም ይወረሳል። አፉ የተከፈተ ልጅ ሁሉ ፊቱ አይለወጥም፤ ጥርሱ የተደራረበ ሁሉ በአፉ ይተነፍስ ነበር ማለትም አይቻልም። ማንም መጥቶ «የልጅሽ ፊት ሊበላሽ ነው» ብሎ ቢያስፈራራችሁ አትደንግጡ። እህቴ እንዲህ ያለ ቪዲዮ አይታ ሁለት ቀን አልቅሳለች።

እሺ፣ ልምምዱ ራሱ ምንድነው? በሌላው ዓለም የሚሰጡት የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችና ለዚሁ የሠለጠኑ የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። ግቡ ቀላል ነው፦ ከንፈር እንዲገጠም፣ ምላስ ላንቃ ላይ እንዲያርፍ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ እንዲሆን፣ ምራቅና ምግብ ሲዋጥ ምላስ ጥርስን ወደ ውጭ እንዳይገፋ። በቀን ከ500 ጊዜ በላይ እንውጣለን። ምላሱን በጥርሶቹ መካከል እያወጣ የሚውጥ ልጅ ከንፈሩን አጥብቆ፣ አገጩን አጨማድዶ ሲውጥ ታዩታላችሁ።

ከልምምዶቹ አንዱን የአዳማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሪ ነጂ ፈረሱን ሲያነሣ በምላሱ የሚያሰማውን ድምፅ አስታውሱ። ምላሱን በሙሉ ላንቃው ላይ አጣብቆ፣ ስቦ፣ በአንዴ ይለቀዋል። ልምምዱ ያው ነው። ልዩነቱ ከመልቀቅ በፊት አጣብቆ መቆየቱ ነው፤ አምስት ሰከንድ፣ ከዚያ አሥር። ሌላው የምላስን ጫፍ ከጉብታዋ አንሥቶ ላንቃውን እያሻሹ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ትንሽ እንጨት ወይም የልብስ ቁልፍ በከንፈር ይዞ ከንፈርን ማጠንከር አለ። በአፍንጫ እየሳቡ ፊኛ መንፋት አለ። በሁለቱም ጎን እያላመጡ ከንፈር ዘግቶ መዋጥ አለ። ለዚህ የወንጂ ሸንኮራ ጥሩ ነበር፤ ግን ለጥርሱ ሲባል ዳቦና ሥጋ ይሻላል።

አንድ ልምምድ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ልቤን ነካው። መስታወት ፊት ቆሞ አፍ ከፍቶ «አ፣ አ፣ አ» ማለት ነው፤ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ። በእያንዳንዱ «አ» የላንቃው ለስላሳ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣል፤ እንጥልም አብሮ ይነሣል። ከባትሪ ብርሃን ጋር ልጁ አፉን ከፍቶ ሲለማመድ እናቴ ተጠግታ አየች። «ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አለች። አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። ጡንቻ ነው። ምግብና ውሃ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከሚከለክለው መጋረጃ አንዱ ክፍል ነው። እናቴ ልታስቆርጠው ያሰበችው እንጥል፣ በልምምድ ልናጠነክረው የምንጥረው ጡንቻ ሆኖ ተገኘ።

ስለ እንጥል ትንሽ ልቆይ። በገጠርም በከተማም እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አለ። የጉሮሮ ሕመም፣ ሳል፣ የሕፃን አልጠባ ማለት፣ ማንኮራፋት፣ ሁሉም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። እናቶቻችን ይህን የሚሉት ልጅ ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን ምላጩ ደም ያፈሳል። ቁስሉ ይመረቅዛል። ምላጩ ሌላ ልጅ ላይ ውሎ ከሆነ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል። ከዳነ በኋላም አንዳንዱ ልጅ ድምፁ በአፍንጫ ይሆናል፤ የጠጣውም በአፍንጫው ይመለሳል። ማንኮራፋቱ ደግሞ እንዳለ ይቀራል፤ ምክንያቱም ልጅን የሚያፍነው በአብዛኛው እንጥል አይደለም።

የሚያፍነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቶንሲል ነው፤ በአፍ በኩል ይታያል። ሌላው አዴኖይድ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ የተደበቀ የቶንሲል ዘመድ ነው። አፍ ከፍቶ በማየት አይታይም። ከሦስት ዓመት እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ ተልቆ ይታያል፤ ጉርምስና ሲመጣ ይሟሽሻል። በዚህ ላይ የአፍንጫ አለርጂ ሲጨመር መንገዱ ይደፈናል። የእኛ ልጅ ሁለቱም ነበሩበት። አንድ ክሊኒክ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጥቶታል። እንዴት እንደሚተኛ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ እህቴ ሌሊት የቀዳችውን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አሳየች። ዶክተሩ ቪዲዮውን ሁለቴ አየና «ይህ ይበቃኛል» አለ። ከዚያ በጎን ራጅ አስነሣው። አዴኖይዱ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ከብዙ ንባብ በኋላ የደረስኩበት ነገር እዚህ ላይ ነው። አፍንጫ ሳይከፈት ምላስን ማሠልጠን ልጁን ማሰቃየት ነው። በር ተዘግቶ ሳለ «በበሩ ግባ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት፤ ልምምዱ ቀጥሎ ይምጣ።

መንገዱን መክፈት ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 464 ልጆችን ተከታትሏል። ሁሉም ስሊፕ አፕኒያ ነበረባቸው። ግማሾቹ ቶንሲልና አዴኖይዳቸው ወጣላቸው፤ ግማሾቹ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ከሰባት ወር በኋላ ከተቀደዱት 79 በመቶው የእንቅልፍ ምርመራቸው ወደ ጤናማ ተመለሰ። ካልተቀደዱትም 46 በመቶው እንዲሁ ተመለሰላቸው። ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሊያነበው ይገባል። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ስለፈራ ልጁን ዝም ያለ ወላጅ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ይሠራል። ሁለተኛው ነገ ካልተቀደደ ይሞታል ብሎ የተሸበረ ወላጅ ነው፤ ከሐኪም ጋር ተማክሮ በክትትል መቆየት የሚቻልበት ልጅ አለ። መለስተኛ ለሆነውና አለርጂ ላለበት የሚነፋ የአፍንጫ መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ሊረዳ ይችላል።

ታዲያ ልምምዱ የቱ ጋ ይጠቅማል? ትልቁ ማስረጃ ያለው አዋቂዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የብራዚል ተመራማሪዎች መካከለኛ አፕኒያ ያለባቸውን 31 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በቀን 30 ደቂቃ ያህል የምላስ፣ የላንቃና የጉንጭ ልምምድ ለሦስት ወር ሠራ። በሰዓት 22 ጊዜ ያህል ይቆራረጥ የነበረው ትንፋሻቸው ወደ 14 ወረደ። ጥልቅ ትንፋሽ ብቻ በተለማመደው ቡድን ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። በ2015 ደግሞ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ ልምምዱ አዋቂዎች ላይ የትንፋሽ መቆራረጡን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አስልቷል፤ ልጆች ላይ ከዚያም በላይ።

ከሁሉም የገረመኝ የስዊዘርላንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው። አፕኒያ ያለባቸው 25 ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ክፍል የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚነፉትን ዲጀሪዱ የሚባል ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ለአራት ወር ተለማመደ። ቀን ቀን እንቅልፍ መጫጫኑም፣ ሌሊት ትንፋሽ መቆራረጡም ቀነሰላቸው። እንቢልታና ዋሽንት ባለበት አገር ይህን ሳነብ እዚህ ማንም ሲሞክረው አለመስማቴ ቆጨኝ።

ሆኖም ማስረጃው ገና ስስ ነው። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክራን የተባለው የጥናት መዛኝ ድርጅት ሲመዝናቸው ተስፋ ሰጪ ግን አስተማማኝነታቸው ዝቅተኛ ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ልምምዱ ከባድ አፕኒያ ላለበት ሰው ሲተኛ አየር እየገፋ የሚያስተነፍሰውን ማሽን ወይም የሐኪሙን ትእዛዝ አይተካም። እንደ እኔ ፍርድ ግን፣ አፍንጫው ለተከፈተለትና አፍ የመክፈት ልማዱ ላልለቀቀው ልጅ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጉዳት የሌለው፣ ጥሩ እገዛ ነው።

ልማዱ ቶሎ አለመልቀቁ እውነት ነው። አይቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሪፈር ተጽፎለት ተቀደደ። በሦስተኛው ሳምንት ማንኮራፋቱ ጠፋ። እህቴ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አልተኛችም፤ ድምፅ ሲጠፋባት እየተነሣች እጇን አፍንጫው ሥር ታደርግ ነበር። ቀን ቀን ግን አፉ እንደበፊቱ ክፍት ነበር። አየር በአፍንጫው እየገባ እንኳ ከንፈሩ አይገጥምም። አራት ዓመት የለመደው ነዋ! ከንፈሩ ሰነፈ፣ ምላሱ ታች መተኛት ለመደ። ልምምዱ ቦታውን ያገኘው ያኔ ነው።

ቲክቶኩ ይቀረኛል። ሚዩዊንግ የሚባለው፣ ምላስን ላንቃ ላይ እየገፉ አገጭን አሳምራለሁ ማለት፣ ከእንግሊዛዊው የጥርስ ሐኪም ጆን ሚው ስም የመጣ ነው። የአዳማ ጎረምሶችም ይዘውታል፤ የሰፈር ልጆች መስታወት ፊት ሲሞክሩ አያለሁ። ምላስን ቦታው ማሳረፍ ክፋት የለውም። አጥንቱ እድገቱን ለጨረሰ ጎረምሳ ግን በምላስ ግፊት መንጋጋ ይለወጣል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የጥርስ ሳይንስ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል፦ ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው በቀን ለብዙ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ የሚቆይ ቀላል ግፊት ነው። ለአምስት ደቂቃ አጥብቆ መግፋት ጥርስ አያንቀሳቅስም፤ መንጋጋ ግን ያሳምማል። የማዮፈንክሽናል ልምምድም ዓላማው አሥር ደቂቃ መግፋት ሳይሆን ቀሪውን ቀን ምላስ ሳያስቡት ቦታው እንዲውል ማድረግ ነው።

አፍ ላይ ፕላስተር መለጠፍን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ልጅ ላይ በፍጹም አይደረግም። አፍንጫው የታፈነ፣ የሚያስመልሰው ወይም አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ አደጋ ነው። አፍ የተከፈተው መዳኛ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ያን መዳኛ መለጠፍ አይገባም።

በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በጣም ጥቂት ናቸው። የእንቅልፍ ምርመራ ማሽንም በየከተማው የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የሚጀምረው ከቤት ነው። ልጁ ጉንፋን ሳይዘው በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ያንኮራፋል? ትንፋሹ ይቆማል? ያልበዋል? ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ጀምሯል? ልጆች እንቅልፍ ሲጎድላቸው እንደኛ አያዛጉም፤ ይቀበጠበጣሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ትምህርት አይገባቸውም። አስተማሪው «ረባሽ» ይለዋል። ሌሊቱን በስልክ ቅዱት። ለሐኪም ከማንኛውም ወሬ በላይ ያ ቪዲዮ ያስረዳዋል።

አፍንጫን ማጠብም ይረዳል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው፤ አዋራ በበዛበት ቀን ማታ ጠብ ጠብ ማድረግ። ከፋርማሲ የሚገዛውን አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ግን ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ አትቀጥሉበት፤ ሲቆም አፍንጫው ብሶ ይደፈናል። ባሕር ዛፍ መታጠንም ልጅ ላይ ያስፈራኛል፤ የፈላ ውሃ ስንቱን ልጅ አቃጥሏል። ሕፃን ልጅ ከሆነ ደግሞ ጡት ይጥባ። ጣት መጥባትና ጡጦ ዓመታት ሲቀጥሉ ምላስን ወደ ታች ያስለምዳሉ።

እኛ ቤት ልምምዱ ከእራት በፊት ነው። አሥር ደቂቃ። እናቴ ባትሪ ያዥ ሆናለች። «አ» ሲል እንጥሉ መነሣቱን እሷ ናት የምትቆጥረው። «አፍህን ዝጋ» ማለት ቀርቷል። በምትኩ እህቴ «ን» ትለዋለች፤ እሱም ከንፈሩን ገጥሞ «ንንን» ይላል።

ባለፈው ከፖስታ ቤት ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ ነፋሱ አዋራ ይዞ መጣ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ቀና ብዬ ሳየው እሱ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን አጥብቦ ይሄዳል። ምንም አላልኩትም። ጥጉ ላይ አንድ ጋሪ ቆሞ ነበር፤ ነጂው ወርዶ ከሰው ጋር ያወራል። ልጁ ቆም አለ። ምላሱን ላንቃው ላይ አጣበቀ። እስከ አሥር ሲቆጥር በጣቱ አየሁት። ከዚያ ለቀቀው።

ፈረሱ ጆሮውን አቀና፣ አንድ እርምጃም ወደፊት ሄደ።